ማን በድሎት ሸፈተ?

ወንድሜ ጓንጉል ሚግዳል ገበያ አጠገብ ባለ ሲኒማ ቤት በር ላይ ስድስት ዓመት ቆሟል። ቲኬት ይቀድዳል፣ ዘግይተው የመጡትን በእጅ ባትሪ እየመራ ወንበራቸው ድረስ ያደርሳል፣ ሰው ከወጣ በኋላ የሱፍ ቅርፊት ይጠርጋል። አገር ቤት ሳለ ቀጥቃጭ ነበር፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ውስጥ ማረሻ የሚያሠራ ሰው ስላልነበረ ባትሪ ያዘ።

መታወቂያው ላይ ስሙ ጊል ነው። እዚህ አገር እንደገባ የመዘገበችው ጸሐፊ «ጓንጉል» ማለት ቢያቅታት ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥታ ያወጣችለት ነው። የልደቱ ቀን ዜሮ ዜሮ፣ ወሩ ዜሮ ዜሮ፣ ዓመቱ 1950 ይላል። እናታችን እንደምትለው የተወለደው ዝናብ ገብቶ ገበሬው መዝራት ሲጀምር ነው፤ ስለዚህ በእኔ መዝገብ ሰኔ ብዬ ጽፌዋለሁ። የሞተበትን ቀን ማጣራት አላስፈለገኝም። የካቲት 1993፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ የከሰዓቱን ተመልካች አስወጥቶ ሲጠርግ ልቡ ቆመ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነበር።

አሁን ዓመቱ ስለደረሰ፣ ዘመድ ለአዝካራው፣ ለተዝካሩ፣ ሲሰበሰብ የሚነበብ ነገር ጻፊ አላችሁኝ። ብዙዎቻችሁ ጓንጉልን የምታስታውሱት ፊልም ሲተርክ ነው። እኔም ስለዚያው እጽፋለሁ። ነገር ግን ከፊልሙ በፊት ስለ ማለደ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የማለደ ነውና።

ማለደ የሁላችን ታናሽ ነበር። በ1984 እናታችን ባይነሽ፣ ጓንጉልና ማለደ ከወገራ ተነሥተው በእግራቸው ሱዳን ገቡ። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እማር ነበር፤ መሄዳቸውን የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ነው። እናቴና ጓንጉል ከስደተኞች መጠለያው ወጥተው እዚህ ደረሱ። ማለደ አልደረሰም። ጓንጉል እናቴን መኪናው ላይ ሲያወጣት እንዲህ አላት፦ «ማለደ በሚቀጥለው መኪና ይመጣል። ውኃና ብርድ ልብስ ትቼለታለሁ።» እናቴ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ተቀምጣ ስምንት ዓመት ጠበቀች። ሌላ የጠየቀችው ሁሉ አላየሁም፣ አልሰማሁም ይላታል። ጓንጉልም ከዚያ በላይ አንድ ቃል ጨምሮ አያውቅም። እኔንም ያለኝ ይህንኑ ነው።

እኔ የመጣሁት በግንቦት 1991 ነው። አዲስ አበባ መዝገብ ቤት እሠራ ስለነበር፣ በሱዳን መንገድ ያለቁትን ሰዎች ስም የሚሰበስብ አንድ ማኅበር ሥራ ሰጠኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ የተነሣበት አገር፣ የሞተበት ቦታ፣ የቀበረው ሰው። የመጨረሻዋ መስመር ካልተሞላች ካርዱ «የሞቱ» ከሚለው ሣጥን አይገባም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው በኋላ በእግሩ ሲመጣ ስላየሁ ነው። የማለደ ካርድ «የሚጠበቁ» ከሚለው ሣጥን ውስጥ ነበር።

ፊልሙ የመጣው በ1992፣ ከፑሪም በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። የዕብራይስጡ ርእስ ሌላ ነበር፤ ጓንጉል ግን «የባሕር ሽፍታ» ይለው ነበር። ሰይፍ፣ መርከብ፣ መድፍ፣ የገዥ ልጅ፣ ከስቅላት ማምለጥ፣ ሁሉም ያለበት ነው። ጓንጉል እንግሊዝኛ አያውቅም። ከሥር የሚጻፈውን ዕብራይስጥ ደግሞ ሦስት ፊደል ሳያነብ ይጠፋበታል። ነገር ግን በሳምንት አምስት ቀን በር ላይ ቆሞ ያየዋል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሺምሾን ሰፈር ካለው ሕንፃችን ሥር፣ አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ይተርክላቸዋል።

ከማይቀሩት መካከል እናቴ፣ አባባ ክንዴና ዘነበች ነበሩ። አባባ ክንዴ የሰባ ዓመት ጡረተኛ ናቸው፤ ከሱዳን የወጡት ከእናቴና ከጓንጉል ጋር በአንድ መኪና ነው። ዘነበች ጎረቤታችን ናት፣ ትምህርት ቤት ታጸዳለች፣ አፏ አያርፍም።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ አልረሳውም።

«እንግዲህ ይኸ ሰውዬ የባሕር ሽፍታ ነው» ብሎ ጀመረ ጓንጉል።

«የባሕር ምን?» አለች ዘነበች።

«ሽፍታ። ሌላው በረሃ ይገባል፣ ይኸኛው ባሕር ገባ።»

«እሺ። ማን በድሎት ነው የሸፈተ?»

ፊልሙ ይህን አይናገርም። በኋላ ራሴ አይቼዋለሁ፤ ሲጀምር ሰውየው ቀይ መቀነት ታጥቆ መርከቡ ላይ ቆሞ ይስቃል፣ ከዚያ በፊት ምን እንደደረሰበት የሚነሣ ነገር የለም። በዕብራይስጥ የባሕር ዘራፊ ነው የሚሉት። ዘራፊ ስለሚዘርፍ ዘራፊ ተባለ፣ አለቀ። እኛ ግን «ሽፍታ» ካልን ሳንጠይቅ አናልፍም። የተነጠቀው፣ የተገደለበት ወይም የተሰደበው ነገር ሳይኖር ሰው አይሸፍትም። ጓንጉል በአንድ ቃል የተነሣ ፊልሙ የሌለውን መጀመሪያ ራሱ መፍጠር ነበረበት።

«የአገሩ ገዥ የአባቱን ርስት ቀምቶት» አለ።

አባባ ክንዴ ሳቁ። «ርስት ከነበረውማ የኛ ዘመድ አይደለም። በል ቀጥል።»

ሁሉም ሳቀ። ጎንደር ውስጥ የእኛ የቤተ እስራኤል ሰው ርስት እንዳልነበረው የማያውቅ እዚያ አልነበረም። በሚቀጥለው ሳምንት ርስቱ ቀርቶ እጮኛውን ነጥቀውት ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት አባቱን አስረውበት ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ አራት ዓይነት በደል ቆጥሬያለሁ። ልዩነቱን ስነግረው «አንዱ ካላረካቸው ሌላ እሰጣቸዋለሁ፤ ምን ቸገረሽ?» አለኝ።

«መርከቡን የሚመራለት አንድ ወጣት አለ» ይላል ጓንጉል። «ጎበዝ ነው። ጆሮው ላይ ጉትቻ አለው።»

«ወንድ ልጅ?»

«አዎ፣ በአንድ ጆሮው።»

«በየትኛው ጆሮው?» ትጮኻለች ዘነበች። «እኔን መተማ በር ላይ የዘረፈኝ ሽፍታ አንዱን ጉትቻዬን ነው የወሰደው። ደህና አድርገህ እየው፣ የኔ ይሆናል!»

«ያ የዘረፈሽስ ማን በድሎት ነበር?» ይሏታል አባባ ክንዴ።

«ልጠይቀው ስል ጠመንጃውን አየሁት፤ ተውኩት።»

ከዚያ ሳቁ ይቆማል። ወጣቱ በውጊያ ይቆስላል። አለቃው፣ ያው ሽፍታው፣ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ያወርደውና አንድ በርሜል ውኃ አጠገቡ አስቀምጦለት ይሄዳል። እመለሳለሁ ይለዋል።

«ጥሎት ሄደ?» አለች ዘነበች። «እንዲህ ያለ ሽፍታ የለም። ሽፍታ ቁስለኛውን ይሸከማል እንጂ ጥሎ አይሄድም።»

«አልጣለውም» አለች እናቴ። «ውኃ ትቶለታል እኮ። ውኃ የተወ ሰው ሊመለስ ነው።»

«እሱን ተወውና ወደ ውጊያው ሂድ» አሉ አባባ ክንዴ።

በየሳምንቱ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እንዲህ ይሉ ነበር። ውጊያ ስለሚወዱ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ውጊያ አለቃው ሰይፉ ተሰብሮ ሊገደል ሲል፣ ያ ወጣት በገመድ ተንጠልጥሎ ከላይ ይወርድና ያድነዋል። ጓንጉል እዚህ ላይ ተነሥቶ በሕንፃው ምሰሶ ዙሪያ ይዞራል፤ ከወገቡ ቀጠን ያለ፣ እጆቹ የቀጥቃጭ፣ ፊቱ የልጅ። ዘነበች ታጨበጭባለች። እናቴ አታጨበጭብም።

«ማን አመጣው?» አለች።

«ማንን?»

«ልጁን ነዋ። ከደሴቱ ማን አመጣው?»

«መርከብ ሲያልፍ አይቶት ነው።»

«የማን መርከብ?»

«የነጋዴ ይሆናል፣ እማ።»

«ነጋዴው ስንት ቀን አቆየው? ታዲያ ለምን ወሬ አልላከም?»

ጓንጉል «ወሬ የሚያደርስለት አጥቶ ነው» አለና ቁጭ አለ።

እናቴ ቀስ በቀስ ሌላውን ክፍል መስማት ተወች። ስቅላቱ ሲመጣ ጥጧን ትፈትላለች፤ ደሴቱ ሲመጣ እንዝርቱን ታስቀምጣለች። አንድ ረቡዕ በአውቶቡስ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ከዚያ በፊት መጥታ አታውቅም።

«ሲሳይ፣ ሱዳን ባሕር አለው?»

«አለው። ፖርት ሱዳን የሚባል ወደብ አለው።»

«የነጋዴ መርከብ ይመጣበታል?»

«ይመጣበታል።»

ትክክለኛ መልስ ነበር። በዚያው ዕለት ከሚግዳል ገበያ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ገዝታ ተመለሰች፤ ከፕላስቲኩ ሳታወጣ አልጋዋ ግርጌ አስቀመጠችው። «የድሮው አርጅቶበት ይሆናል» አለችኝ። ማለደ ቢኖር ሠላሳ ዓመቱ ነበር፤ እሷ የምታስበው ግን ብርድ እንዳይመታው ነበር። ብርድ ልብሱን ያየ ቀን ጓንጉል ራት አልበላም።

እናቴ የምትጠብቀው በፊልም ምስክርነት ከሆነ፣ ምስክሩ በትክክል ምን እንዳለ ማየት አለብኝ ብዬ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በአንድ ሰኞ ሲኒማ ገባሁ። ጓንጉል የዕረፍት ቀኑ ነበር። ማስታወሻ ደብተር ይዤ ገባሁ። የደሴቱ ክፍል እንዳለቀ መጋረጃው ላይ ነጭ ጭረት ብልጭ አለና ድምፁ ዘለለ። ሁለት ነገር ጻፍኩ። አንደኛ፣ ከጭረቱ በፊት ያልነበረ ጥቁር ጨርቅ ከጭረቱ በኋላ የአለቃው ክንድ ላይ ታስሯል። ሁለተኛ፣ ደሴቱ ላይ የቀረው ወጣት ጉትቻው በግራ ጆሮው ነው፤ በገመድ የመጣው ግን በቀኝ ጆሮው ነው። ዘነበች ስትቀልድ የጠየቀችው ጥያቄ ባይኖር ጆሮውን አላይም ነበር።

ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ማሽኑ ክፍል ወጣሁ። ፊልሙን የሚያሳየው ሞርዴካይ የሚባል ከሩማንያ የመጣ ሽማግሌ ነው። የዓመት ዕብራይስጤን እንደምንም አዋድጄ ጠየቅሁት፤ እሱም እየቆየ፣ እንዲገባኝ አድርጎ መለሰልኝ።

«አንድ የፊልም ጥቅል ጎድሏል» አለኝ። «አራተኛው። በሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ በላው። ሌላ እንልካለን አሉ፣ አልላኩም። ማንም አልጠየቀም። ሰይፍ እስካለ ድረስ ሰው አይጠይቅም።»

«በጎደለው ውስጥ ምን ነበር?»

«የልጁ ሞት። አለቃው ወደ ደሴቱ ይመለሳል፣ ልጁን ሞቶ ያገኘዋል። ብቻውን ይቀብረዋል፣ ድንጋይ እየከመረ። ረጅም ነው፤ ሙዚቃም የለውም። ከዚያ አንድ ወደብ ላይ የሟቹን መንታ ወንድም ያገኛል። በገመድ የሚመጣው መንታው ነው። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ተዋናይ ነው።»

«ወንድሜ ይህን ያውቃል?»

«ጊል? በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን በየቀኑ አይቶታል። ጥቅሉ የተቀደደ ዕለት እዚህ ወጥቶ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ። አርባ ዓመት ፊልም ሳሳይ በተቀደደ ፊልም ያመሰገነኝ እሱ ብቻ ነው።»

ጓንጉል የፊልሙን ሰይፍ ሁሉ፣ ገመድ ሁሉ፣ የሌለውን በደል እንኳ ጨምሮ ተርኳል። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ የዘለለው መቃብሩን ብቻ ነው። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ የማለደን ነገር አውቄው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ባሕሩ ዳር ካለው ብሔራዊ ፓርክ አገኘሁት። ከጥንት የቀረ የፈረሰ ግንብ ላይ ተቀምጦ ባሕሩን ማየት ይወድ ነበር፤ ዋና ግን አይችልም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጉትቻው ጆሮ ቀይሯል» አልኩት።

ለመሳቅ ሞከረ። «ለዘነበች እንዳትነግሪያት።»

«ማለደን ማን ቀበረው?»

ከታች ሰዎች ለሽርሽር ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ አንዱ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ሦስት ሆነን» አለ። «እኔ፣ አባባ ክንዴና ጎበዜ የሚባል የበለሳ ሰው። አካፋ አልነበረንም፣ በቆርቆሮ ሣህን ቆፈርን።»

ጎበዜን አውቀዋለሁ። ማለቴ ካርዱን አውቀዋለሁ፤ ቁጥር 212፤ እሱም እዚያው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞቷል።

«መኪናው የመጣው ቀብረነው በተመለስንበት ምሽት ነው» አለ ጓንጉል። «እማ ትኩሳት ላይ ነበረች፤ ሰው አትለይም። ብነግራት አፈሩ ላይ ትቀመጥ ነበር እንጂ መኪናው ላይ አትወጣም። አንዷን እንኳ ላውጣ ብዬ ነው። አባባ ክንዴን ለመንኳቸው፣ ዝም አሉልኝ።»

«ከደረሳችሁ በኋላስ?»

«እስክትድን አልኩ። ዳነች። ቤት እስክናገኝ አልኩ። ከዚያ አንቺ እስክትመጪ አልኩ። አንቺ መጣሽ። ከዚያ ይኸ ፊልም መጣ። የመጀመሪያ ቀን መቃብሩን ሳይ ጥዬ ውጭ ወጣሁ። ለእነሱ ስተርክላቸው ግን ልጁ በገመድ መጣ። እማ ፊቷ ሲበራ አየሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና አመጣሁት።»

ቁጣ ነበረብኝ፤ አልደብቅም። ስምንት ዓመት ያልተለቀሰ ልጅ ነው። ነገር ግን የተናገርኩት ስለ ሥራዬ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የመታሰቢያ ቀን፣ በመንገድ ያለቁት ሰዎች ስም በድምፅ ማጉያ ይነበባል። እናቴ ከፊት ተቀምጣ የጎረቤቶቿን ስም ትሰማለች። የዓመቱ ዝርዝር የሚዘጋው እሑድ ነበር።

«አሁን ምስክር አለኝ» አልኩት። «ካርዱን ያለ ቦታው ላስቀምጠው አልችልም።»

«ጻፊው። ግን የልጇን ስም ከማጉያ አትሰማውም።»

«እንግዲያ ንገራት።»

«‹ማለደ ሞተ› የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም፣ ሲሳይ። ብቻዬን ስሆን እንኳ ሞክሬው አልወጣልኝም።» ድንጋዩን በጥፍሩ ፋቀ። «ፊልሙን ግን መናገር እችላለሁ።»

እሑድ ገና ሲነጋ አባባ ክንዴ፣ ዘነበችና ሌሎች አራት ሽማግሎች የእናቴን በር አንኳኩ። ጓንጉልና እኔ ከኋላ ነበርን። ዘነበች አትናገርም ነበር፤ አንድ ቃል እንኳ። እናቴ በሩን ከፍታ እያንዳንዱን በዓይኗ ቆጠረች። በጎህ የሚመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያልተማረ የለም።

«ምነው በጠዋቱ?» አለች።

«ፊልሙን አጉድዬ ነው የነገርኳችሁ፣ እማ» አለ ጓንጉል። «የቀረ አለ። ልጨርሰው ነው የመጣነው።»

«ፊልም? በዚህ ሰዓት?»

ተቀመጠች። ሁሉም ተቀመጠ፤ ጓንጉል ብቻ በሩን ተደግፎ ቆመ። ርስትም እጮኛም አላነሣም። ከደሴቱ ጀመረ።

«አለቃው ተመለሰ» አለ። «ዘግይቶ ነው የተመለሰው። ልጁ ሞቶ ነበር። በገመድ የመጣው እሱ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ አሳስቼ የነገርኳችሁ። ልጁ እዚያው ቀርቷል። አካፋ አልነበረም፣ በሣህን ቆፈሩ። በብርድ ልብሱ ጠቅልለው፣ ሦስት ሆነው ቀበሩት።»

እናቴ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ሦስት?»

ጓንጉል ወደ አባባ ክንዴ አየ።

«አለቃው ብቻውን አልነበር የተመለሰው? ሁለቱን ሰዎች ከየት አመጣቸው?»

አባባ ክንዴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ።

«አንዱ እኔ ነበርኩ፣ ባይነሽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

በዚያው ዕለት ቀትር ላይ ከለቅሶው ተነሥቼ ቢሮ ሄድኩ፤ ሰው ታዝቦኝ ይሆናል። የማለደን ካርድ ከ«የሚጠበቁ» አውጥቼ የመጨረሻዋን መስመር ሞላሁ፦ ጓንጉል፣ ክንዴ፣ ጎበዜ። ሣጥኑን ቀየርኩና ተመልሼ ምንጣፉ ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

እናቴ ጓንጉልን ሦስት ቀን አላናገረችውም። እሱም አልተጠጋትም፤ ለለቀስተኛው ወንበር ያቀርባል፣ የመጣውን ቦታ ያስይዛል፣ ልክ እንደ ሥራው። በአራተኛው ቀን ጠራችው።

«ውኃውስ እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማ። እጄ ላይ ጠጥቷል። ከጠጣ በኋላ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ሰማያዊውን ብርድ ልብስ ከፕላስቲኩ አውጥታ ለጓንጉል ሰጠችው። እስኪሞት ድረስ የተኛው በዚያ ነው። ጫፉ ላይ የሱፍ ቅርፊት ተሰክቶ አግኝቼበታለሁ።

የመታሰቢያው ቀን የማለደ ስም ሲነበብ እናቴ ከፊት ተቀምጣ ሰማችው፤ አላለቀሰችም። ጓንጉል መጨረሻ ላይ፣ መግቢያው ጋ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሌላ ፊልም አልተረከም። ሲኒማው አዳዲስ አመጣ፣ እሱም ቲኬት መቅደዱን ቀጠለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነበች «ኧረ ባክህ አንድ ነገር አምጣ፣ አፋችን ዛገ» ትለዋለች፤ «ሲመጣ አመጣለሁ» ይላታል። የማለደ መርዶ በተነገረ በዐሥረኛው ወር ሞተ። የሱን መርዶ አላሳደርነውም። ሞርዴካይ ስልክ ሲደውልልኝ አባባ ክንዴን ይዤ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄድኩ፤ በፊልም አልተነገራትም። በሩ ላይ ሲያዩዋት አባባ ክንዴ ተንበረከኩ፤ እሷ ናት ደግፋ ያነሣቻቸው።

በሰባቱ ቀን ውስጥ ከነቲቮት ከተማ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን ፋንታነሽ መጣች። ጓንጉልን ብዙ አታውቀውም። «ፊልም ያወራ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ምንድን ነበር?» አለች። ዘነበች ዓይኗን ጠርጋ ነገረቻት። ጫካው ባሕር የሆነበት ሽፍታ፣ ባለ ጉትቻው ወጣት፣ ደሴቱ፣ የውኃው በርሜል። «ከዚያ ሞተ» አለች ዘነበች። «ሦስት ሆነው በሣህን ቆፍረው ቀበሩት።»

በፊልሙ ውስጥ አለቃው ብቻውን ነው፣ የሚቀብረውም በድንጋይ ነው። ደብተሬ ላይ አለ። አላረምኳትም። ሺምሾን ውስጥ ዛሬ ፊልሙን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው በሦስት ሰው ነው።

ፋንታነሽ ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ «ግን ማን በድሎት ነው የሸፈተ?» አለች።

ዘነበች ወደ አባባ ክንዴ አየች። አባባ ክንዴ ወደ እኔ አዩ። እኔ አራት መልስ ተመዝግቦ ነበረኝ፤ የትኛውን እንደምሰጣት አላውቅም ነበር።

«እሱን ጓንጉል ነው የሚያውቅ» አለች እናቴ።